ትልቅ ባንድ በትንሽ ፌስቲቫል፦ ማጎ ዴ ኦዝ ለሊክተንፌልስ መድረክ ይስማማልን?

(በጀርመን አገር በኑርንበርግ ከተማ በተደረገ የሙዚቃ ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ወጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከባምበርግና ከኤርላንገን በባቡር ተጉዛችሁ በዚህ አዳራሽ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በፊት ረድፍ ለተቀመጣችሁት ታላላቆቻችን ደግሞ የተለየ ምስጋና አለኝ፤ ይህ ሙዚቃ ለጆሯችሁ እንግዳና ከባድ ሆኖ ሳለ፣ ልጆቻችሁ የሚወዱትን ነገር ለመረዳት ብላችሁ መምጣታችሁ ትልቅ ክብር ነው።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው። ማጎ ዴ ኦዝ የተባለው፣ በስፓኒሽ የሚዘፍነው፣ በስፔንና በላቲን አሜሪካ እጅግ የታወቀው የፎክ ሜታል፣ ማለትም የባህል ዜማ የገባበት ከባድ ሮክ ባንድ፣ በሊክተንፌልስ እንደሚደረገው ራሱን ለአንድ ዓይነት ሙዚቃ ብቻ ለለየ ትንሽ ፌስቲቫል ይስማማል ወይስ አይስማማም? ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የምተዳደረው በመድረክ ድምፅ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄም በአንድም በሌላም ባንድ ስም ሳይነሣ የሚያልፍ የፌስቲቫል ወቅት የለም። የሚከራከሩትን ሰዎች ከሁለቱም ወገን አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ሙዚቃውን ከልባቸው ስለሚወዱ ነው፤ ስለዚህ ማንንም ሳላቃልል ለመናገር እሞክራለሁ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ማጎ ዴ ኦዝ ይስማማል። ዝነኛ መሆኑ ለመጋበዝ አያበቃውም፣ ከመጋበዝም አያስቀረውም። ፌስቲቫሉ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ የባህሉ ዜማ በዘፈኑ ውስጥ ሸክም ተሸክሟል ወይስ ለጌጥ ተንጠልጥሏል? ይህን ጥያቄ ይዘን በሦስት ነጥቦች እንሄዳለን። መጀመሪያ ፌስቲቫሉ ምን ለመጠበቅ እንደቆመ፣ ቀጥሎ ባንዱ በእርግጥ የባህል ሙዚቃ ይዞ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ታዋቂነቱና ቋንቋው ምን ይዘው እንደሚመጡ እናያለን።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ፎክ ሜታል የምንለው የባህል ዜማንና የባህል መሣሪያን ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከከባድ ከበሮ ጋር ያዋሐደ ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል የተመሠረተው ስካይክላድ ቫዮሊንን ወደ ሜታል በማስገባቱ ብዙ ጊዜ በቀዳሚነት ይጠራል፤ በ1992 በደብሊን ክሩአካን ተከተለ፤ በእስራኤል ደግሞ ኦርፋንድ ላንድ የመካከለኛው ምሥራቅን ዜማ ይዞ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ፊንላንዱም፣ ስዊሱም፣ ሩሲያውም፣ ላትቪያውም፣ በቅርቡ ደግሞ ሞንጎሊያው የየአገሩን መሣሪያ እየያዘ ገባ።

ለዚህ ሙዚቃና ለጎረቤቱ ለፓጋን ሜታል፣ ከክርስትና በፊት የነበረውን እምነትና አፈ ታሪክ ለሚያነሣው ሜታል፣ ቦታ ከሰጡት መድረኮች አንዱ ከዚህ ከኑርንበርግ ብዙም በማይርቅ ከተማ ይገኛል። ሊክተንፌልስ በቅርጫት ሥራዋ የታወቀች ትንሽ የባቫሪያ ከተማ ናት፤ በየጸደዩ በከተማዋ አዳራሽ የራግናሮክ ፌስቲቫል ይደረጋል። ከዋከን ጋር አታነጻጽሩት። ዋከን እ.ኤ.አ. በ1990 በሰሜን ጀርመን አንዲት መንደር ተጀምሮ ዛሬ ወደ 85,000 የሚጠጋ ሰው የሚያስተናግድ ግዙፍ የሜታል ፌስቲቫል ሆኗል። ሊክተንፌልስ ግን ሁሉም በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰብበት፣ ታዳሚው ሙዚቀኛውን በኮሪደር የሚያገኝበት፣ በቀትር የሚጫወት ስሙ ያልተሰማ ባንድ ሳይቀር ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅ አድማጭ የሚያገኝበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለ ታዳሚ ምን ይፈልጋል? ሌላ ቦታ የማይሰማውን መስማት ይፈልጋል። ምን ይፈራል? ያ ቦታ እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ እንዳይሆንበት ይፈራል። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ደጋግሜ እላለሁ፣ ፍርሃቱ ልክ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትንሽ ፌስቲቫል ላይ ስሠራ በዓይኔ ያየሁትን ላካፍላችሁ። አዘጋጆቹ ለማታው አንድ በጣም የታወቀ ባንድ ጋበዙ። የዚያ ባንድ አድናቂዎች ገና በሩ እንደተከፈተ ገብተው የመድረኩን የፊት አጥር ያዙና እስከ ማታ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ከሰዓት በኋላ አራት ወጣቶች ያሉበት አንድ የገጠር ባንድ ወጣ። ከፊታቸው የቆመው ሕዝብ እጁን አጣምሮ ስልኩን ይመለከታል፤ ሊሰማቸው የመጣው ሰው ደግሞ ከኋላ፣ ከመጠጥ መሸጫው አጠገብ ተገፍቶ ቆሟል። የአኮርዲዮን ተጫዋቿ ልጅ ዘፈን በጨረሰች ቁጥር በፊት ረድፍ ያሉትን ሰዎች አሻግራ ወደ ኋላ ትመለከት ነበር፤ ጭብጨባው የሚመጣው ከዚያ ነበርና። እኔም ከድምፅ ማደባለቂያው መሣሪያ፣ ከሚክሰሩ ጀርባ ሆኜ ሁለቱንም አየሁ።

እንግዲህ «ትልቅ ባንድ አይምጣብን» የሚሉት ሰዎች የሚናገሩት ከዚህ ዓይነቱ ልምድ ተነሥተው ነው። ሆኖም ጥፋቱ የማን ነበር? የባንዱ ነበር? ወይስ ሰዓቱንና ትኬቱን ያላሰበበት አዘጋጅ? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ፤ ብዙውን ጊዜዬን የምሰጠውም ለዚህ ነጥብ ነው። ማጎ ዴ ኦዝ በእርግጥ የባህል ሙዚቃ ባንድ ነው ወይ?

እኔ ይህን ባንድ ያወቅሁት በኮንሰርት አይደለም፤ በኩሽና ነው። ጀርመን በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በአንድ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር፤ አጠገቤ የሚሠራው ኮሎምቢያዊ ነበር። የጋራ ቋንቋችን ጥቂት የተሰባበረ ጀርመንኛ ብቻ ነው። ማታ ደንበኛ ሲቀልል አሮጌ ስልኩን በብርጭቆ ውስጥ ያቆመውና «ፊየስታ ፓጋና» የሚለውን ዘፈን ይከፍተዋል። ስልኩ ትንሽ ስለሆነ ጊታሩም ከበሮውም አይሰማም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው ዋሽንቱና ቫዮሊኑ ነበር። ባልደረባዬ የዋሽንቱን ዜማ በፉጨት ይዞ በጭልፋ ድስቱን ይመታል፤ እኔም ቃሉን ሳልረዳ ዜማውን ተማርሁ። ዛሬ በድምፅ ባለሙያነት ሳስበው፣ ያ ስልክ ትልቅ ፈተና ነበር እላለሁ። ጊታሩና ከበሮው ሲጠፉ ዘፈኑ ዘፈን ሆኖ ከቆመ፣ የባህሉ ዜማ አጥንቱ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ዋሽንቱ ሲወጣ ምንም የማይጎድልበት ዘፈን፣ ዋሽንቱ ለጌጥ የገባበት ዘፈን ነው። ፌስቲቫል የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ይህን ፈተና በራሱ ስልክ ሊሞክረው ይችላል።

ስለ ባንዱ ታሪክ ባጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በማድሪድ ተመሠረተ፤ መሥራቹና ዋነኛው የግጥም ጸሐፊ ከበሮ መቺው ቹስ ነው። ቫዮሊኒስቱ ካርሎስ ፕሪዬቶ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በባንዱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 «ላ ሌየንዳ ዴ ላ ማንቻ» የተባለውን፣ በስፔናዊው ደራሲ በሰርቫንቴስ ልብ ወለድ በዶን ኪኾቴ ላይ የተመሠረተውን አልበም አወጡ። በ2000 «ፊኒስቴራ» ተከተለ፤ «ፊየስታ ፓጋና» ያለውም በዚሁ አልበም ነው። በ2003 «ጋያ» የሚባለውን ባለ ሦስት ክፍል ሥራ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ክፍል ስፔኖች በኤርናን ኮርቴስ መሪነት ሜክሲኮን የወረሩበትን ዘመን ያነሣል፤ ሦስተኛው ክፍል በ2010 ወጣ። በ2005 የወጣው የመድረክ አልበማቸው የተቀዳው ከ20,000 በላይ ሰው በሚይዘው በማድሪዱ የላስ ቬንታስ የበሬ ፍልሚያ ሜዳ ነው። የሕዝብ ብዛት ከተነሣ ነገሩ እዚያ ድረስ ይደርሳል።

በእኔ እምነት ከሁሉ ይልቅ ባንዱን የሚያስከብረው ግን «ላ ኮስታ ዴል ሲሌንሲዮ» የሚለው ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ፕሬስቲጅ የተባለች የነዳጅ ጫኝ መርከብ በስፔን ሰሜን ምዕራብ፣ በጋሊሲያ ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ሰመጠች። ከ60,000 ቶን በላይ ከባድ ዘይት ወደ ባሕር ፈሰሰ፤ ዓሣ አጥማጁ ሥራ ፈታ፤ ከመላው ስፔን የመጡ በጎ ፈቃደኞች ነጭ ልብስ ለብሰው ድንጋዩን በእጃቸው ጠረጉ። ባንዱም በማግስቱ ዓመት ይህን ዘፈን አወጣ። አስተውሉ! የባህል ዘፈን በሁላችንም አገር ሥራው ምን ነበር? የደረሰውን መናገር አልነበረምን? ድርቁን፣ ዘመቻውን፣ የሞተውን ጀግና፣ የተበደለውን መንደር መናገር አልነበረምን? ዜማው ከጥንት የወረደ ባይሆንም ሥራው የጥንቱ ሥራ ነው። ስለዚህ ይህ ባንድ የቫይኪንግ ቀንድ ይዞ ባይወጣም፣ ሰዎች ለዘመናት ዘፈንን ያዋሉበትን ነገር እያደረገ ነው።

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ ላንሣ፤ ሳልነካው ባልፍ ታማኝ አልሆንም። «እነዚህ ሰዎች የማድሪድ ልጆች ናቸው፤ የሚጫወቱት ግን የአይሪሽና የኬልት ዜማ ነው። ጋይታ የሚባለው ከረጢት ያለው የንፋስ መሣሪያ የጋሊሲያና የአስቱሪያስ እንጂ የማድሪድ አይደለም። ስለዚህ ባህሉ የተዋሰ ባህል ነው» ይባላል። እውነት ነው። በመካከለኛው ስፔን ያሉትን የካስቲያን የገጠር ዜማ፣ የዶን ኪኾቴን አገር የማንቻን የአጨዳ ዘፈን ለመስማት የሄደ ሰው በማጎ ዴ ኦዝ አልበሞች ውስጥ ብዙም አያገኘውም፤ እኔም በዚህ አዝናለሁ፤ በዶን ኪኾቴ አገር ላይ አልበም የሠራ ባንድ የዚያን አገር ዜማ በብዛት ቢያስገባ ኖሮ ሥራው እጥፍ ይከብድ ነበር።

ሆኖም በዚህ ሚዛን የምንመዝን ከሆነ ሁሉንም እንመዝን። የስዊሱ ኤሉቬይቲ የተባለው ባንድ በእንዲህ ያሉ ፌስቲቫሎች ላይ እንደ ቤተኛ የሚታይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ስላኒያ» በተባለው አልበሙ ውስጥ ያለው፣ እጅግ የታወቀው «ኢኒስ ሞና» የሚለው ዘፈን የቆመው «ትሪ ማርቶሎድ» በሚባል የብረታኝ ባሕላዊ ዜማ ላይ ነው። ብረታኝ በፈረንሳይ ምዕራብ ጫፍ ያለች የባሕር አገር ስትሆን፣ ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም። የፊንላንዱ ፊንትሮል ደግሞ የሚታወቀው ሁምፓ የሚባለውን የጭፈራ ምት ጥቁር ሜታል (ብላክ ሜታል) ከሚባለው ጨለማና ጩኸት የበዛበት የሜታል ዓይነት ጋር በማዋሐዱ ነው፤ ሁምፓ ራሱ ግን ከጀርመን የነሐስ ባንዶች ምት ተጽዕኖ የተወለደ፣ ትሮል የሚባለው የጥንቱ ተረት ፍጡር ያልሰማው፣ የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ነው። ያም ሆኖ ፊንትሮልን «ንጹሕ አይደለህም» ብሎ በር የዘጋበት ማን ነው? ማንም የለም፤ መዝጋትም አይገባም። ዜማ ድንበር አቋርጦ ሲዋሰን የኖረ ነገር ነው። ነገር ግን ለሰሜኑ የተፈቀደው ለደቡቡ የሚከለከል ከሆነ፣ ሚዛኑ የሙዚቃ ሚዛን መሆኑ ቀርቷል።

ከዚህ ላይ በሥራዬ የማውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። ቫዮሊንን በሜታል መድረክ ላይ ማሰማት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የቫዮሊን ዝቅተኛው አውታር 196 ኸርዝ ላይ ይጀምራል (ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት ነው)፤ ጥርት ብሎ ከሌላው ተለይቶ እንዲሰማ የሚያደርገው ክፍል ግን ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ይህን ቦታ ደግሞ የተዛባ ድምፅ ያላቸው ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች፣ የከበሮው ሳህኖችና የዘፋኙ ድምፅ ቀድመው ይይዙታል። በአንድ ፌስቲቫል ላይ የአንድ ትንሽ ባንድ ቫዮሊኒስት ራሱን መስማት አቅቶት አገጩን ከመሣሪያው እንጨት ጋር አጣብቆ፣ በአጥንቱ ንዝረት ብቻ እየተመራ ሲጫወት አይቻለሁ። ያን ቀን ያደረግሁት ነገር የቫዮሊኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ አልነበረም፤ ከፍ ባደርገው ይጮህብኛል። የሁለቱን ጊታሮች መካከለኛ ድምፅ ቀነስ አድርጌ በር ከፈትሁለት። ወዲያው የሕዝቡ ትከሻ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቫዮሊኒስቱም ቀና አለ።

ይህን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማጎ ዴ ኦዝ ከስምንት የማያንሱ ሰዎች ሆኖ መድረክ ላይ የሚወጣ ባንድ ነው። በብዙ ዘፈኖቹ ቫዮሊኑና ዋሽንቱ ዋናውን ዜማ ሲይዙ ጊታሮቹ ከሥር ሆነው ምቱን ይጠብቃሉ፤ ማለትም እኔ በሚክሰር የከፈትሁትን በር እነርሱ በድርሰቱ ውስጥ አስቀድመው ከፍተውታል። ይህ ለዓመታት አብሮ ከመጫወት የሚገኝ እውቀት ነው። በሊክተንፌልስ አዳራሽ የሚጫወት ወጣት ባንድ ከጎን ቆሞ ይህን ቢያይ፣ ከማንኛውም ትምህርት ቤት የማያገኘውን ያገኛል። እባካችሁ ይህን ነጥብ አትናቁት። ትንሽ ፌስቲቫል የታዳሚው ብቻ ሳይሆን የጀማሪ ሙዚቀኛው ትምህርት ቤትም ነው።

በዘፋኞቹ መለዋወጥ ላይ የሚነሣው ቅሬታ ብዙም አያቆየኝም። ሆሴ አንድሬያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለቀቀ፣ ዜታ ተተካ፣ ከእርሱም በኋላ በ2012 በስፔን የተደረገውን «ላ ቮስ» የተባለውን የቴሌቪዥን ውድድር ያሸነፈው ራፋ ብላስ መጣ። የቀድሞውን ድምፅ የሚናፍቅ ሰው ናፍቆቱ ይገባኛል። ፌስቲቫሉ የሚጋብዘው ግን የአሁኑን ባንድ ነው፤ የአሁኑም ዘፋኝ ከፍተኛውን ኖታ ሳያጭበረብር ይወጣዋል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደረስን፦ ቋንቋውና ታዋቂነቱ። ስለ ቋንቋው ጥቂት ብቻ እላለሁ። ፊንትሮል የፊንላንድ ባንድ ሆኖ በስዊድንኛ ይዘፍናል፤ ሙንሶሮው በፊንላንድኛ፣ አርኮና በሩሲያኛ፣ ስካይፎርገር በላትቪያኛ ይዘፍናሉ፤ ኤሉቬይቲ ተናጋሪ በሌለው፣ የዛሬዋን ፈረንሳይና አካባቢዋን ይኖሩ በነበሩት ኬልቶች በሚነገረው በጥንቱ የጎል ቋንቋ ሳይቀር ዘፍኗል። ጀርመናዊው ታዳሚ ይህን ሁሉ በደስታ ተቀብሏል። ታዲያ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአፍ መፍቻነት የሚናገሩት ስፓኒሽ ምን በደለ? ቋንቋው ብዙ ሰው ስለተናገረው ብቻ ለባህል ሙዚቃ አይመጥንም ከተባለ፣ ባህል ማለት ሊጠፋ የተቃረበ ነገር ብቻ ነው ማለታችን ነው፤ እኔ ይህን አልቀበልም።

ታዋቂነትን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በደንብ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ታዋቂነት አገር አለው። በሜክሲኮ ከተማ ታክሲ ነጂው የሚያዜመው ባንድ በባቫሪያ ገጠር ያለ ወጣት ስሙን እንኳ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። በሊክተንፌልስ አዳራሽ ውስጥ ኤሉቬይቲና ማጎ ዴ ኦዝ ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ለአብዛኛው ታዳሚ እንግዳ የሚሆነው ማን ነው? ስለዚህ «ከመጠን በላይ ታዋቂ ነው» የሚለው ክስ በማድሪድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ግማሹ ይወድቃል። በዚያ ላይ ጀርመኖቹ ራሳቸው ባግፓይፕ (እንደ ጋይታ ከረጢት ያለውን መሣሪያ) የሚነፋውን ኢን ኤክስትሬሞን እ.ኤ.አ. በ2008 በአገሪቱ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ አድርገውታል፤ ያ ባንድ አንደኛ ስለወጣ ባግፓይፑ ባግፓይፕ መሆኑ አልቀረም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ልንረዳው ይገባል። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን አስታውሱ! ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ፣ በአገራችን አንጋፋ የነበረ፣ በአዲስ አበባ ስሙን የማያውቅ የሙዚቃ ሰው ያልነበረ ታላቅ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓንክ የሚባለውን ቁጡ የሮክ ዓይነት የሚጫወተው ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዘው። የፓንክ ታዳሚ ማለት እንደ ፓጋን ሜታሉ ታዳሚ ሁሉ ቦታውን አጥብቆ የሚጠብቅ፣ ዝናን የሚጠረጥር ሕዝብ ነው። አንድ በሰባኛዎቹ ዕድሜ ደጃፍ ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ አዛውንት በዚያ መድረክ ላይ ምን ያደርጋል ሊባል ይችል ነበር። ግን ያ ሳክስፎን ሲያቅራራ፣ ፓንኮቹ የራሳቸውን ቁጣ በእርሱ ውስጥ ሰሙ። ጋሽ ጌታቸውም ከእነዚሁ ሰዎች ጋር «ሞዐ አንበሳ» የተባለውን አልበም በ2006 አወጣ፤ በ2016 እስኪያርፍም ድረስ ያ ወዳጅነት አልተቋረጠም። በአገሩ ታላቅ የነበረ ሰው በሰው አገር ለጥቂቶች መድረክ ተስማማ፤ የጥቂቶቹ መድረክም በእርሱ ምክንያት ፓንክነቱን አላጣም። ይህን ያየን እኛ፣ ለስፔኖቹ ጊዜ ሲደርስ «ዝነኛ ነህና አትግባ» የሚለውን እንዴት እንደግፋለን?

አሁን ቀደም ሲል ወደ ተውሁት ጥያቄ ልመለስ። የፊት አጥሩን የያዙት ሰዎች ጉዳይ እንዴት ይፈታል? በዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። ባንዱ ይምጣ፤ ፌስቲቫሉ ግን ለእርሱ ሲል አይለወጥ። ለዚያ ቀን ብቻ የተለየ ትኬት አይሸጥ፤ ማጎ ዴ ኦዝን ሊያይ የሚፈልግ ሰው እንደ ማንኛውም ታዳሚ የፌስቲቫሉን ሙሉ ትኬት ገዝቶ ይምጣ፤ ሙሉ ትኬት የገዛ ሰው ደግሞ ሌላውንም ይሰማል፣ ይወዳልም። የመጨረሻውን ሰዓት አይያዙ። በመሸት ጊዜ፣ ከዋናው የማታ ባንድ ሁለት ቦታ ቀደም ብለው ይውጡ፤ ያን ጊዜ ለእነርሱ ብቻ የመጣው ሰው የፊቱን ቦታ ለሚቀጥለው ይለቃል፣ ሊቆይ የወደደም ይቆያል። ክፍያውን በተመለከተ፣ አንድን ባንድ ለማምጣት ሲባል አምስት ትናንሽ ባንዶች ከፕሮግራሙ የሚሰረዙ ከሆነ ግብዣው ይቅር። ይህን የምለው ባንዱን እየወደድሁት ነው።

የባንዶች መለዋወጫ ጊዜም ትልቅ ጉዳይ ነው። በትንሽ አዳራሽ በሁለት ባንዶች መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ያን ያህል ሙዚቀኛ፣ ኪቦርድ፣ ቫዮሊን፣ የተለያዩ ዋሽንቶች፣ ተጨማሪ ድምፃውያን፣ ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ሊገጠም የሚችለው የመድረክ ጌጡ በማድሪድ ሲቀር ብቻ ነው። መርከቡ፣ ግንቡ፣ ትልልቁ መጋረጃ ይቅር። ሰዎቹና መሣሪያዎቹ ይምጡ። በእኔ ግምት ባንዱም በዚህ ይጠቀማል፤ ከዓመታት ወዲህ ከሕዝቡ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የመጫወት ዕድል ብዙ ጊዜ አያገኝምና።

የዘፈን ምርጫውን ደግሞ አዘጋጁ በግልጽ ሊነጋገርበት ይገባል። የፍቅር ባላዶቹና የሮክ ዘፈኖቹ ለላስ ቬንታስ ይቆዩ። ለሊክተንፌልስ ከ«ላ ሌየንዳ ዴ ላ ማንቻ»፣ ከ«ፊኒስቴራ» እና ከመጀመሪያው «ጋያ» የተውጣጣ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ «ላ ኮስታ ዴል ሲሌንሲዮ» ግን አይቅር። ምኞቴን ልጨምርና፣ በዚያው ቀን ከጓዳላሃራ የሜክሲኮው ሴሚካን ቢጋበዝ እወዳለሁ። ሴሚካን ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩትን የሜክሲኮ መሣሪያዎች፣ የቆመውን ከበሮና የባሕር ቀንድ አውጣውን ዛጎል ይዞ ሜታል የሚጫወት ባንድ ነው። የስፔን ልጆች ስለ ኮርቴስ ወረራ በዘፈኑበት መድረክ ላይ፣ በወረራው የተመታው ሕዝብ ልጆች በራሳቸው ከበሮ ቢመልሱ፣ በአንድ ምሽት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰማል?

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በፌስቲቫሎች ላይ በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ፣ በር የምትጠብቁ፣ መሣሪያ የምትሸከሙ፣ ምግብ የምታበስሉ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዘጋጆች ፌስቲቫሉ ሲያልቅ የታዳሚውንና የሠራተኛውን አስተያየት ይሰበስባሉ። እባካችሁ ያን ወረቀት ባዶውን አትመልሱት። የምትፈልጉትን ባንድ ስም ብቻ ጽፋችሁም አትተዉት፤ በስንት ሰዓት፣ ከማን ቀጥሎ፣ በምን ዓይነት ትኬት ቢመጣ እንደሚሻል ጻፉ። አዘጋጁ የሚያነበው ያን ነው።

በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማይክሮፎኑን ለጥያቄ እለቅቃለሁ፤ ከኋላ ረድፍ ቀድማ እጇን ካነሣችው እኅታችን እንጀምር።